ሰፊው ክፋይ የማን ነው

ኅዳር 4

ነፋሱ ዛሬ ብሶበታል። የሱቁን በር ገርበብ አድርጌ ዋልኩ። ጉርድ ፎቶ፣ ጉርድ ፎቶ፣ ደግሞ ጉርድ ፎቶ... ተማሪዎቹ ምዝገባ አለባቸው መሰለኝ። እሸቴ በወዲያኛው ወንበር የበሬ ሽያጭ ውል ሲጽፍ ዋለ። እሱ ይጽፋል፣ እኔ ያረጀ ፎቶ አድሳለሁ። ስንጋባም እንዲሁ ነበርን።

ከሰዓት እማሆይ ተዋበች መጡ። የአንድ ልጃቸው የምንተስኖት ሙት ዓመት ታኅሣሥ ላይ ነው። በክረምት የመታወቂያ ፎቶውን አምጥተው ስካን አድርጌ መልሼላቸው ነበር።

"ዋናውን አይጥ በላብኝ ልጄ። ያንቺው አለ አይደል?"

"አለ እማሆይ። አይጥ የማይደርስበት ቦታ ነው ያለው።"

ትልቅ አድርጌ፣ በኮምፒውተር ጋቢ አልብሼ እንዳደርስላቸው ለምነውኝ ሄዱ። ፎቶውን በእጃቸው ይዘው ነው የሚያለቅሱት። ያለዚያ ምን ይይዛሉ?

አለ ያልኳቸው ኮምፒውተሬ ውስጥ፣ ዲ የሚባለው ክፋይ ላይ ነው። ይሄን ሥራ ያስተማረኝ ሰውዬ የመጀመሪያ ቀን ያለኝ፦ "ኮምፒውተር ሲበላሽ የሚፎረመተው፣ ተጠርጎ ባዶ የሚሆነው፣ ሲ ነው። ዲ አይነካም። ነፍስሽን ዲ ላይ አስቀምጪ።" አስቀምጫለሁ። የጋይንት ሙት ሁሉ የኔ ዲ ላይ ነው።

ግን ይሄ ደንበኛ ሁሉ በፍላሽ ይዞት የሚመጣው ቫይረስ... ዛሬም አንድ ሙሉ ፎልደር ሾርትከት አድርጎ ሰወረብኝ። አለቀስኩ ማለት ይቻላል። እሸቴ "መላ አግኝቻለሁ፣ ነገ ታያለሽ" አለኝ። ምን ይሆን?

ኅዳር 5

መላው ሰው ሆኖ መጣ። ሴት!

ሊድያ ትባላለች። ከባሕር ዳር ተመድባ ወረዳ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ሆና የመጣች። ከኛ ጎን ልብስ የምትሰፋው የዝናሽ ጓሮ ተከራይታለች። "እትዬ ስንዱ" አለችኝ። እትዬ! ስንት ዓመት ብበልጣት ነው?

ኡቡንቱ የሚባል ሌላ ሲስተም አለ አለች። ይሄ የፍላሽ ቫይረስ እዚያ ላይ አይሠራም። የሰው ፍላሽ መጀመሪያ በሱ ይከፈታል፣ ይጸዳል። ፎቶሾፕ ግን እሱ ላይ ስለማይሄድ ዊንዶውሱም ይቆያል። ሁለቱ ባንድ ዲስክ፣ ተካፍለው። ኮምፒውተሩ ሲበራ "የቱን ልክፈት?" ብሎ ይጠይቃል።

"አንድ ቤት ሁለት እመቤት በሉኛ" አልኩ። እሸቴ ሳቀ። ምን ያስቀዋል?

ሳይቸግር ጤፍ ብድር።

ኅዳር 7

ጫኑት። ጠዋቱን ሙሉ ጎን ለጎን ተቀምጠው። ወንበሬ ላይ! እሷ መዳፊቱን ይዛ፣ እሱ አንገቱን አስግጎ። "ፓርቲሽን"፣ "ቡት"፣ "ስዋፕ"... እሱ ደግሞ "እሺ ሊዱ፣ ገባኝ ሊዱ"። ሊዱ? ባለፈው ሳምንት እኮ አታውቃትም ነበር!

አንዴ ዞር ብላ "እትዬ ስንዱ፣ ፎቶዎችሽ ሌላ ቦታ ቅጂ አላቸው?" አለችኝ።

"ዲ አይነካም" አልኳት።

"ዲስክ ሲከፋፈል ሁሉም ሊነካ ይችላል። ቅጂ መያዝ..."

"ዲ አይነካም አልኩሽ እኮ።" ሙያዬን ልታስተምረኝ!

ደንበኛ ፎቶ እያነሣሁ በትከሻቸው አየሁ። ስክሪኑ ላይ ረዥም መስመር አለ፣ በቀለም የተከፋፈለ። አንዱ ሰፊ፣ አንዱ ጠባብ። እሷ ድንበሩን በመዳፊት ይዛ ትገፋዋለች። አባቴና አጎቴ መሬት ሲካፈሉ ትዝ አለኝ። ገመድ ይዘው ሲለኩ። "ሰፊው ለማን ደረሰ" በሚል ነገር አጎቴ እስኪሞት ድረስ ደጃችንን አልረገጠም።

ሰፊው ቀለም የማን ነው ብዬ መጠየቅ ነበረብኝ። አልጠየቅሁም። ኮራሁ መሰለኝ... ማን ያውቃል።

ኅዳር 15

ጾም ገባ። እሸቴ ሸሚዙን ተኮሰ። ለጾም ሸሚዝ ይተኮሳል?

ኅዳር 20

ሊድያ ምሳ ሰዓት ሁልጊዜ እኛ ጋ ናት። ሽሮዬን ትበላለች፣ "ይጣፍጣል እትዬ ስንዱ" ትላለች፣ ከዚያ ከባሌ ጋር ኮምፒውተር ላይ ትጣዳለች። እሱ ኡቡንቱ መማር አለበት አሉ። ድሮ መተየብ ያስተማርኩት እኔ ነኝ! በሁለት ጣቱ ሲለቅም ማን ነበር አጠገቡ? የቅርብ ጠበል ልጥ ይነከርበታል።

ዝናሽ ደግሞ ዚፕ ልታስመርጠኝ ብላ ጠርታኝ፣ መርፌውን በአፏ እንደያዘች፦ "አንቺ ስንዱ፣ ያንቺ ሰውዬ ጉብዝናው ጨመረ አሉ..."

"ምን ማለትሽ ነው?"

"ኧረ ምንም! ትምህርት ጥሩ ነው ማለቴ ነው።"

በሞቴ እንዲህ ያለች ጎረቤት ለጠላትም አይስጥ። ግን ነገሩ ልቤ ገባ። ሌላ ነገር ማሰብ አቃተኝ። እውነቱን ልጻፈው፣ የራሴ ደብተር ነው፦ ቀንቻለሁ። ስትስቅ አፏን በእጇ ስትሸፍን እንኳ ያናድደኛል።

ኅዳር 26

ዛሬ አየሁ። በዓይኔ።

ወፍጮ ቤት ደርሼ ስመለስ ሁለቱ ስክሪኑ ላይ አቀርቅረዋል። እሸቴ እየጻፈ፣ እሷ "እንደሱ፣ አዎ፣ አማርኛም ይቀበላል" እያለች ትስቃለች። እግሬን ሲሰሙ እሸቴ ቶሎ ብሎ መስኮቱን ዘጋ። ኮምፒውተሩንም አጠፋው!

"ምን ነበር?" አልኩ።

"ምንም። ነገ ስትከፍቺው ታያለሽ።"

እሷ ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። ፊቷ ቀልቷል። እሱም እንደ ልጅ ይስቃል።

ምን ነበር? ባልና ሚስት መሃል የሚዘጋ መስኮት ምንድን ነው? እራት አልበላሁም። "ምን ሆንሽ?" ሲለኝ "ራሴን" አልኩት።

ኅዳር 27

እግዚኦ... እንዴት ልጻፈው?

እሸቴ ጠዋት ለወረቀትና ለቀለም ደብረ ታቦር ሄደ። ሱቁን ከፈትኩ። ኮምፒውተሩን ሳበራው "የቱን ልክፈት" ሊለኝ ነው። እንዳይለኝ ፈለግሁ። በቃ። ከዛሬ ጀምሮ ማንም ቤቴ ውስጥ ምርጫ አይሰጠኝም አልኩ። ዊንዶውስ የምንጭንበትን ፍላሽ ሰካሁ። የሷን ክፋይ ልሰርዝ። እሷ ስትመጣ ርስቷን ታጣዋለች፣ አፍራ ትሄዳለች።

የዲስኩ ክፍሎች ዝርዝር መጣ። ሲ የለ፣ ዲ የለ፣ ቁጥር ብቻ። ትንንሽ አለ፣ መካከለኛ አለ። አንዱ ግን ከሁሉ ሰፊ ነው። ከሰፊው ጎን ስም መሆን የነበረበት ቦታ ባዶ ሣጥኖች ተደርድረዋል። ባዶ ሣጥን ምን እንደሆነ ማንም የጽሕፈት ሥራ የሠራ ያውቃል፤ አማርኛ ነው፣ ፊደሉን ያላገኘ አማርኛ። ትናንት "አማርኛም ይቀበላል" ስትል ሰምቻታለሁ። ስሟን ጽፋበታለች! ባሌ ስሟን ጻፈላት! ሰፊው ላይ! ከቤቴ ሰፊውን ወስዳ፣ ስሟን ተክላበት፣ ሽሮዬን እየበላች...

ሰረዝኩት። "እርግጠኛ ነሽ?" አለኝ። ነኝ። ዘሩ እንዳይተርፍ ደግሞ አዲስ ብዬ ፎርማት አደረግሁት። ደስ ብሎኝ ነበር እንዲያውም።

ፍላሹን ነቅዬ አስነሣሁት።

"የቱን ልክፈት?" አለኝ። ኡቡንቱ... ዊንዶውስ... ኡቡንቱው አለ! እንደነበረ አለ!

ዊንዶውሱን ከፈትኩ። ዲን ነካሁ።

ባዶ። ባዶ ባዶ ባዶ። የኔ ነበር። ሰፊው የኔ ነበር።

ምንተስኖት የለም። ማንም የለም።

ኅዳር 28

ዋሸሁ።

እሸቴ ማታውን ሲገባ "ስከፍተው ባዶ ሆኖ አገኘሁት" አልኩት። ፊቱ አመድ መሰለ። "ትናንትና የነካነው እኛ ነን..." አለ። ዝም አልኩ።

ዛሬ ጠዋት ሊድያን ጠራት። "እኛ ያደረግነው ይሄን አያደርግም እሸቴ፣ እመነኝ" ትላለች። እሱ አልሰማም። እሸቴ ሲቆጣ አይቼው አላውቅም፣ ዛሬ አየሁ። "የሰው ሬሳ ነው ያጠፋሽው! ባለሙያ ነኝ ብለሽ! ሁለተኛ እዚህ ደጅ እንዳላይሽ!" አላት። በሩ ላይ ስትደርስ ዓይኗን በእጅጌዋ ጠረገች።

የፈለግሁት ይሄን አልነበር? ደጄን ለቀቀች፣ ባሌ ሰደባት። እሰይ ልል ሞከርኩ። አልመጣልኝም።

ኅዳር 30

ምሳ ለሁለታችን ብቻ አቀረብኩ። እሸቴ አንድ ሁለት ጎርሶ ተወው። ኡቡንቱን ሊነቅለው ፈልጎ "እንዴት እንደሚነቀል እኔ የት አውቃለሁ" አለ። ብነግረው ኖሮ... ኤዲያ!

ታኅሣሥ 1

እማሆይ ተዋበች መጡ። ፎቶውን ሊወስዱ አይደለም። ጋቢ ይዘው ነው። የራሱን የምንተስኖትን።

"ይሄን እያየሽ አልብሺው ልጄ። ጥለቱ ሌላ እንዳይሆን። እኔ ነኝ የፈተልኩት።"

ተቀብዬ አጠፍኩት። "እሺ እማሆይ።"

ከሄዱ በኋላ ጋቢውን የት ላስቀምጠው? መሳቢያ ውስጥ አልኩ፣ አስፈራኝ። ወንበሬ ላይ አደረግሁት። ቀኑን ሙሉ ቆሜ ሠራሁ።

ታኅሣሥ 2

ሄድኩ። ዝናሽ የስፌት መኪናዋን አቁማ እያየችኝ፣ በሷ በኩል አልፌ ጓሮ ገባሁ። ሊድያ ልብስ ታጥባለች። ክንዷ አረፋ ነው።

"የጠፋ ፎቶ ይመለሳል?" አልኳት። ሰላም እንኳ ሳልላት።

አረፋውን እየጠረገች "ሊመለስ ይችላል። ማሽኑን ማየት አለብኝ። ግን ባልሽ ደጄ እንዳላይሽ ብሎኛል" አለች።

"እኔ ጠርቼሻለሁ።"

መጣች። እሸቴ ብድግ አለ። እሷ እሱን ሳታይ የሱን ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ በዚያው በኡቡንቱ ገብታ አየችው። ረዥም ጊዜ አየችው። ከዚያ እጇን ከመዳፊቱ አነሣች።

"ይሄ ተበላሽቶ አይደለም። ሰው ነው የሰረዘው። እንዴት እንደተሰረዘ ካላወቅሁ የት ብዬ ነው የምፈልገው? ተሰርዞ ብቻ ነው ወይስ ተፎርምቷል? ከዚያ ወዲህ የተጫነበት ነገር አለ?"

"ባዶ ሆኖ አገኘሁት ብላለች እኮ!" አለ እሸቴ።

"ራሱን የሚሰርዝ ዲስክ የለም እሸቴ።"

ጋቢው ወንበሬ ላይ ነው። ዓይኔ እሱ ላይ ነበር።

"ተሰርዟል። ተፎርምቷልም" አልኩ። "ምንም አልተጫነበትም። እኔ ነኝ። ያንቺን የሰረዝኩ መስሎኝ ነው።"

ሊድያ ናት ቀድማ የተናገረችው፦ "ለምን እትዬ ስንዱ?"

"ቀንቼ።"

"በኔ?"

"በማን ታዲያ?"

ሳቅ መሰለኝ የመጣላት፣ አልነበረም። "እኔ እዚህ የምመጣው ምሳ ብቻዬን መብላት ስለማልወድ ነው" አለች። ዝቅ ባለ ድምፅ።

እሸቴ ግን ሌላ ነው ያለው። "እሷን ስሰድባት አጠገቤ ቆመሽ ነበር።"

ቆሜ ነበር።

ሊድያን "ይቅር በይኝ" አላት። እኔን አልፎኝ ወደ ውጭ ወጣ።

ታኅሣሥ 3

እሸቴ ወገዳ ሄደ። ወንድሙ ጋ፣ ውቂያ ላግዝ ብሎ። መቼ እንደሚመለስ አልተናገረም። ሻንጣውን አላየሁም፣ ፌስታል ነው የያዘው... ፌስታል ከሆነ ይመለሳል አይደል? በሬዎቹ ላይ ይጩህ፣ ንዴቱን እዚያ ይጨርስ። ግን አልጮኸብኝም እኮ። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

የፈሩት ይደርሳል የሚባለው ይሄ ነው። ባሌን ትወስድብኛለች ብዬ ፈራሁ። እሷ አልወሰደችውም፣ እኔው ሸኘሁት።

ታኅሣሥ 6

ሊድያ ከሥራ ወጥታ ትመጣለች። ፎቶዎቹን የሚፈልገው ፕሮግራም ኡቡንቱው ላይ ነው ያለው። ልነቅለው የነበረው እሱ! እሱን ቢሆን ኖሮ የሰረዝኩት በምን ልንፈልግ ነበር?

መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል፣ እንደገና እንጀምራለን። ያገኘውን በሷ ውጫዊ ዲስክ ላይ ያከማቻል። ያኔ ብሰማት ኖሮ ቅጂ የምይዝበት ዲስክ። ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

ታኅሣሥ 8

መጡ! ፎቶዎቹ መጡ!

ግን ስም የላቸውም። እኔ የማን እንደሆነ ጽፌበት ያስቀመጥኩት ሁሉ ተፍቋል፣ ቁጥር ብቻ ሆኗል። "ፎርማት ባይደረግ ስማቸውም ይተርፍ ነበር" አለች። ከዚያ ፊቴን አይታ "ግን ፊታቸው አለ" አለችኝ።

መዓት ፊት። እሷ አንዱንም አታውቅም። ማን ነው የሚያውቃቸው? እኔ ነኛ።

ታኅሣሥ 10

ጎን ለጎን እንቀመጣለን። እሷ ትከፍታለች፣ እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች።

"ይቺ?"

"የሰፈራችን የመምሬ እኅት። በወሊድ ነው የሞተችው።"

"ይሄኛውስ?"

"እስቴ መንገድ ላይ መኪና የተገለበጠበት። ይሄ ኮት የሱ አይደለም፣ እኔ ነኝ ያለበስኩት።"

"ይቺ ልጅ ጉንጯ ላይ ጠባሳ አላት። ለምን አላጠፋሽውም?"

"ላጠፋው ስል እናቷ እጄን ያዘችኝ። ተይው፣ በሱ ነው የማውቃት አለችኝ።"

ሊድያ መጻፉን አቆመች። "እኔ እኮ የምኖርበትን ግቢ ሰው እንኳ በስም አላውቅም። እቀናብሻለሁ እትዬ ስንዱ" አለች።

በኔ! ከባሕር ዳር የመጣች፣ ዲስክ እንደ ዳቦ የምትቆርስ ልጅ፣ በኔ!

"እትዬ አትበይኝ" አልኳት። "ስንዱ በይኝ።"

ታኅሣሥ 13

ምንተስኖት ተገኘ። ከበግ ነጋዴዎች ፎቶ መሃል። ገና ሳይከፈት፣ በትንሹ፣ በግንባሩ ለየሁት። ጮህኩ መሰለኝ፣ ዝናሽ እየሮጠች መጣች።

ጋቢውን ዘርግቼ፣ ፎቶ አንሥቼ፣ ጥለቱን እያየሁ አለበስኩት። ሊድያ ጫፉን ይዛልኝ ነበር።

ታኅሣሥ 17

ሙት ዓመቱ ላይ ሄድን፣ እኔና ሊድያ። እማሆይ ፎቶውን ከፍ አድርገው ይዘው... አይቻልም። አልጽፈውም። ጥለቱን በጣታቸው እየተከተሉ "ይሄ የኔ ፈትል ነው" ሲሉ ሊድያ እጄን ጨብጣ ነበር።

አይንገሩኝ እንጂ፣ ይሄ ሁሉ ሰው ፎቶው እንዴት ጠፍቶ እንደተገኘ ከዝናሽ ሰምቷል።

እሸቴ አልመጣም። ወገዳ ኔትወርክ የለም አሉ። ወይስ አይፈልግም?

ታኅሣሥ 22

ዲስኩን እንደገና ከፋፈልነው። ዛሬ መዳፊቱን የያዝኩት እኔ ነኝ፣ ሊድያ አጠገቤ። ለካ ኡቡንቱ የወሰደው ጠባቡን ነው፣ ጥግ ላይ ያለችውን! ሰፊው ሁሌም ለፎቶዎቹ ነበር። ይሄን አንድ ቀን "የማን ነው?" ብዬ ብጠይቅ ኖሮ...

ስም ጻፊ የሚለው ላይ ስንደርስ "እንደ በፊቱ ላድርገው?" አለችኝ።

"በፊት ምን ነበር?"

"አላየሽውም እንዴ? ለዚያ አይደል መስኮቱን የዘጋው። እንዴት እንደሚጻፍ ሲጠይቀኝ ነበር፣ ስታገኚው እንዲያስደስትሽ። ስንዱ ነበር የሚለው።"

ስንዱ።

እነዚያ ሣጥኖች... እኔ ነበርኩ። ቀንቼ የሰረዝኩት የገዛ ስሜን ነው።

ወጥቼ ደጅ ቆምኩ። ነፋስ ዓይኔ ገባ ብዬ ለዝናሽ ነገርኳት። ስመለስ ሊድያ "ምን ብዬ ልጻፍ?" አለች። "ባዶውን ይቆይ" አልኳት።

ሸሚዙን ለምን እንደተኮሰ ግን አሁንም አላውቅም። ይሄን አልረሳሁትም!

ታኅሣሥ 28

የገና ዋዜማ። ጠዋት አንድ የሰፈር ሰው ፍላሽ ይዞ መጣ። ኮምፒውተሩ "የቱን ልክፈት?" አለኝ። ኡቡንቱ። ፍላሹን አየሁለት፣ ቫይረስ ሞልቶታል፣ አጸዳሁለት። ሊድያ ምሳ ላይ ስነግራት አጨበጨበች። ለገና ባሕር ዳር እናቷ ጋ ልትሄድ ነው። ስትመለሺ ቅቤ እንዳትገዢ፣ እኔ ነኝ የምሰጥሽ አልኳት።

ከሰዓት በኋላ እሸቴ ገባ። ጠቁሯል። ፀጉሩ ውስጥ የገብስ እብቅ አለ። ፌስታሉን አስቀመጠ።

"ደኅና ዋላችሁ" አለ። ሱቁ ውስጥ እኔ ብቻ ነኝ።

"ደኅና" አልኩ። "ፎቶዎቹ ተገኝተዋል።"

"ሰማሁ።"

ብዙ ላወራ አዘጋጅቼ ነበር። ከወንበሬ ተነሣሁና ስክሪኑን አሳየሁት። ሰፊውን ክፋይ። ስም የሚጻፍበት ቦታ ላይ ጠቋሚዋ ብልጭ ድርግም ትላለች።

"ሣጥን ሆኖ ነው ያየሁት እሸቴ። ማን እንደሆነ አላወቅሁትም። የሷ መስሎኝ ነው። አንተው ጻፈው።"

ቆመ። ከዚያ የራሱን ወንበር ከወዲያ ስቦ ከወንበሬ አጠገብ ተቀመጠ። እጁ በሥራ ተላልጧል። ድሮ እንዳስተማርኩት ሳይሆን፣ ከዚያም በፊት እንደነበረው፣ በሁለት ጣቱ እየለቀመ ጻፈ። ስንዱ።

"እንግዲህ አትሰርዢው" አለ።

ሳቄ መጣ፣ ልቅሶም መጣ። እሱ አልሳቀም። ገና ነው፣ አውቃለሁ። ግን ሲነሣ ወንበሩን ወደ ቦታው አልመለሰውም። ከወንበሬ አጠገብ ተወው።